ውኃ ላይ የቆመው ምርጫ ጣቢያ

ቤቴ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ነው። ጠዋት በራፌ ላይ ስቆም ሐይቁ በዛፎቹ መካከል ይታየኛል፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ዕለት ደግሞ ከሩቅ አንዲት ጥቁር ነጥብ የምታህል ደሴት አያለሁ። ስሟን አልጽፈውም። ወንዶች መነኮሳት ብቻ የሚኖሩባት፣ ሴት የማትረግጣት ደሴት ናት ብል ይበቃል። ዕድሜዬ ሃምሳን ካለፈ ወዲህ ብዙ ነገር እየረሳሁ ነው፤ መነጽሬን ዓይኔ ላይ አድርጌ መነጽሬን የምፈልግበት ቀን አለ። ደሴቲቱ ሥር የዋልሁበትን ቀን ግን አልረሳውም። ነገሩ ትንሽ ራቅ ካለ ቦታ ስለሚጀምር ታገሡኝና ከሥሩ ላውራችሁ።

ያን ጊዜ የሠላሳ ዓመት ሴት ነበርሁ፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ሀገሩ ሁሉ ምርጫ ምርጫ ይሸት ነበር። ከዚያ በፊትም ድምፅ ሰጥተናል፤ ነገር ግን አንድ ሰው ብቻውን ሮጦ አንደኛ ሲወጣ እንደማየት ነበር። ያን ዓመት ፓርቲዎች ተበራከቱ፣ ክርክሩ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ተለቀቀ፣ ሻይ ቤት ገብቶ ዝም ብሎ ሻዩን ጠጥቶ የሚወጣ ሰው ጠፋ። ማንበብ የማይችል ሰው እንዳይቸገር ተብሎ ለየፓርቲው ሥዕል ተሰጥቶት ነበርና በእኛ በኩል ዋነኞቹ ተፎካካሪዎች ማሰሮና ጃንጥላ ነበሩ። መሸንቲ ገበያ ማሰሮ የሚሸጡ ሴቶች ሳይቀሩ “ምርጫው ለእኛ ነው የቆመው” እያሉ ይቀልዱ ነበር። አባት ማሰሮ፣ ልጅ ጃንጥላ ሆነው በአንድ ገበታ ላይ ሲኮራረፉ በዓይኔ አይቻለሁ። ያ ጩኸት ዛሬ ይናፍቀኛል። ሰው ነገ የሚመጣውን በእጁ የያዘ ይመስለው ነበር።

እኔም ምርጫ አስፈጻሚ ሆኜ ተመረጥሁና የደሴቲቱ ምርጫ ጣቢያ ምክትል ኃላፊ አደረጉኝ። ምክትል ማለት ከተማ ተቀምጦ ወረቀት ማስተካከል ነበር፤ ደሴቲቱ የሚሻገሩት ወንዶቹ ናቸው። ታዲያ በዋዜማው ኃላፊውን ወባ ጣለው። መመሪያው ኃላፊ ከሌለ ምክትሉ የድምፅ መስጫውን ኮሮጆ ይዞ ይሄዳል፣ ከኮሮጆውም አይለይም ይላል። ጽሕፈት ቤት ያለው ሰውዬ ሥራ በዝቶበት ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ ወረቀቱን ፈረመ፣ ማኅተም መታ፣ ሰጠኝ። ሴት ወደ ወንዶች ገዳም እየላከ መሆኑን ልብ አላለም። እኔ ልብ ብዬዋለሁ። ዝም ብዬ ወረቀቱን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁት።

ለምን ዝም እንዳልሁ እንዲገባችሁ ስለ አባቴ ልንገራችሁ።

አባቴ ይልማ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር፤ ከሥራ ሲመለስ ከመንገዱ ማዶ ጀምሮ እያፏጨ ነው የሚመጣው፣ እኛም በፉጨቱ ነው በር የምንከፍትለት። በወታደራዊው መንግሥት ጊዜ አንድ ቀን የቀበሌ ስብሰባ ተጠራ። ከቀበሌው ለብሔራዊ ውትድርና ወጣቶች እንዲላኩ የምትደግፉ እጅ አውጡ ተባለ። አዳራሹ እጅ ብቻ ሆነ። የአባቴም እጅ ወጣ። ምን ያድርግ፤ መድረኩ ላይ ቆሞ ማን እንዳላወጣ የሚመለከት ሰው ነበር። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ ተብሎ ተጨበጨበ። በሳምንቱ ስም ሲነበብ ታላቅ ወንድሜ አያሌው አለበት። አያሌው ሄደ፤ አልተመለሰም።

እናቴ ያን ሰሞን አንድ ቃል ተናገረች። “በዚያች እጅህ ነው የሸኘኸው” አለችው። ከዚያ በኋላ አልደገመችውም፤ መድገምም አላስፈለጋትም። አባቴ ማፏጨቱን ተወ። ሰው ሲያገኝ ሰላምታ በግራ እጁ መስጠት ጀመረ፤ ቀኙን የታመመ የመሰላቸው ጎረቤቶች እግዜር ይማርህ ይሉት ነበር። አንድ ዐቢይ ጾም ለሱባዔ ብሎ ወደ ደሴቲቱ ተሻገረ። ፋሲካ መጣ፣ አለፈ፤ እሱ አልመጣም። መንኩሶ አባ ኃይለ ጊዮርጊስ ተብሏል የሚል ወሬ ሰማን። ሰው ሲመነኩስ የሙት ጸሎት ይደረግለታል፤ ለዚህ ዓለም ሞቷል ማለት ነው። እናቴ ባሏ ሞቶባት እንደሆነ ወይም ትቷት እንደሆነ ሳይለይላት ኖራ፣ መንግሥት ከተለወጠ ከጥቂት ዓመት በኋላ እሷም ታመመች።

ልታርፍ ባለች ሰሞን አስጠጋችኝና ለአባትሽ የምትነግሪልኝ ቃል አለ አለችኝ። ቃሉን ነገረችኝ። በደብዳቤ አትጻፊው፣ በሰው አፍም አትላኪው፣ አንቺው ራስሽ በጆሮው ንገሪው አለችኝ። ሴት ከማትረግጥበት ደሴት ለማይወጣ ሰው እንዴት አድርጌ ብላት ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። ያን ቃል ተሸክሜው ኖርሁ። እንዲህ ያለ ነገር ውሎ ሲያድር ይከብዳል እንጂ አይቀልም። እንግዲህ ወረቀቱን ዝም ብዬ ቦርሳዬ ውስጥ የከተትሁት ለዚህ ነው።

በምርጫው ቀን ገና ሳይነጋጋ ጀልባ ማረፊያው ደረስን። አብሮኝ የሚሠራው ሙሉቀን የሚባል የማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ ነበር፤ መመሪያውን ከዳር እስከ ዳር የሸመደደ፣ ጥንቁቅ ልጅ። ሁለቱ ፓርቲዎች ደግሞ አንድ አንድ ታዛቢ ልከዋል። ስማቸውን ልተወውና በምልክታቸው ማሰሮውና ጃንጥላው ብዬ ልጥራቸው፤ እኛም ቀኑን ሙሉ እንዲያ ነበር የምንጠራቸው። ጀልባዋ የጋሽ ሰይድ ነበረች። ጋሽ ሰይድ ወረታ ካሉ ነጋዴ ቤተሰቦች የተወለዱ፣ ከአባታቸው ጀምሮ በጣና ላይ እህል ሲያመላልሱ የኖሩ፣ ነገር የማያበዙ ሰው ናቸው። እኔን ሲያዩ ወዴት ነሽ አሉኝ፣ ደሴቲቱ ነኝ አልኋቸው። ኮሮጆውን አዩ፣ እኔን አዩ።

“አላህ ያግራልሽ” አሉኝ። “ብቻ ከቀትር በኋላ ጣና ሰው አያከብርም። ንፋሱ ሳይነሣ ብንመለስ ነው የሚሻለው።”

ደሴቲቱ ስንደርስ የገመትሁት ሆነ። ማረፊያው ድንጋይ ላይ የቆመ አንድ መነኩሴ እኔን ሲያይ ሁለት እጁን ዘርግቶ መንገድ ዘጋ። ሙሉቀን ኮሮጆውን እኔ ይዤ ልውረድ አለ። ማሰሮውና ጃንጥላው ጠዋት ከተሣፈርን ጀምሮ ሲነታረኩ ቆይተው በዚህች ላይ ግን በአንድ አፍ አይሆንም አሉ፤ ኃላፊዋና ኮሮጆው ከተለያዩ ምርጫው ፈረሰ አሉ። ወደ ከተማ ተመልሶ ሌላ ወንድ አስመድቦ መምጣት ይቻላል ወይ ተባለ፤ ጋሽ ሰይድ ወደ ሰማዩ ቀና ብለው አይቻልም አሉ። ይሄን ያህል ቀርቤ ልመለስ ነው ብዬ እንባዬ መጣ።

በመጨረሻ የገዳሙ አበምኔት በጃንጥላቸው ተጠልለው ቀስ እያሉ ወረዱ። ነገሩን ሰምተው ጢማቸውን እያሻሹ ወደ እኔ ዞሩ።

“ኮሮጆው ካንቺ አይለይም?”

“አይለይም፣ አባታችን።”

“አንቺ ደግሞ ደሴቱን አትረግጪም።”

“አልረግጥም።”

“እንግዲያ ድንጋዩ የእኛ ነው፣ ውኃው የእግዚአብሔር ነው። ጀልባችሁን እሰሩና እዚያው ተቀመጡ። እኛ እንመጣለን።”

እንዲህ ሆነና የእኛ ምርጫ ጣቢያ ውኃ ላይ ቆመ። ጀልባዋን ከማረፊያው ድንጋይ ጋር አሰርናት። እኔ ኮሮጆውን ጉልበቴ ሥር አድርጌ ከፊት ለፊት ተቀመጥሁ። ሙሉቀን ከማረፊያው ትንሽ ራቅ ብላ ያለች ዋርካ ላይ ጋቢ ጋርዶ የሚስጥር ቦታ ሠራ። መራጩ ከእኔ ወረቀቱን ተቀብሎ፣ ጣቱን ቀለም አስነክሮ፣ ከጋቢው ኋላ ምልክት አድርጎ ይመለስና ወረቀቱን ከድንጋዩ ላይ ሆኖ ኮሮጆው ውስጥ ይከታል።

መነኮሳቱ ገና ሲሰበሰቡ አንድ በጣም ያረጁ አባት ጥያቄ አነሡ። እኛ ለዓለም ሞተናል፣ ፍትሐት ተደርጎልናል፤ ሙት ይመርጣል ወይ አሉ። ጃንጥላው ቀልድ አይችልም ብለን ነበር፤ በዚህች ሀገር ሙታን ሲመርጡ ይህ የመጀመሪያው አይደለም አለ። ጀልባዋ በሳቅ ተንቀጠቀጠች፤ ማሰሮው ብቻ አልሳቀም። አበምኔቱም ፈገግ አሉና እንዲህ ብለው ፈረዱ፦ የምትመርጡ ምረጡ፣ የማትፈልጉ ተዉት፤ ብቻ ክፉ ሰው የተሾመ እንደሆነ ሕዝቡ የሚያለቅሰው ወደ እኛ መጥቶ ነው፣ ጸሎቱም የሚበዛው በእኛው ላይ ነው። አባቶች ከዚህ በኋላ ሰልፍ ያዙ።

ወዲያው ደግሞ ማሰሮው ብድግ አለ። በምርጫ ጣቢያ ክልል ውስጥ የፓርቲ ምልክት ማሳየት ክልክል ነው፣ እሳቸው ጃንጥላ ዘርግተው ቆመዋል ሲል ተቃወመ። አበምኔቱ ይህችን ጃንጥላ የገዛኋት ፓርቲያችሁ ሳይወለድ ነው አሉት፤ ግን ሕግ ከሆነ ብለው አጠፏትና በዚያ ፀሐይ ባዶ ራሳቸውን ቆሙ። ቀትር ላይ አንድ መነኩሴ ለእኛ ቆሎና ውኃ ይዞልን ወረደ። ውኃው የተቀዳው በማሰሮ ነው። አሁን ተራው የጃንጥላው ሆነ፤ ይህስ ምንድን ነው ብሎ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሁለቱም ውሳኔ ፈልገው እኔን አዩኝ። የአስተማሪ ድምፄን አውጥቼ ሁለቱም ይፈቀዳል፣ አባታችን ይጠለሉ፣ እኛም እንጠጣ አልሁ። ማሰሮውም ጃንጥላውም ከዚያችው ማሰሮ ጠጡ። ዛሬ የፖለቲካ ክርክር ሲከር ባየሁ ቁጥር ያ ውኃ ትዝ ይለኛል፤ ቀዝቃዛ ነበር።

በዚህ ሁሉ መካከል ዓይኔ ከአቀበቱ ላይ አልተነቀለም። መነኩሴ በወረደ ቁጥር አባቴ ነው እላለሁ፤ ቀርቦ ሳየው ሌላ ሰው ነው። መምረጥ የፈለጉት ሁሉ መርጠው አለቁና በመራጮች መዝገብ ላይ ስሙ ኖሮ ያልመጣ አንድ ሰው ብቻ ቀረ። አባ ኃይለ ጊዮርጊስ። ሙሉቀን አንዱን መነኩሴ ጠየቀልኝ፤ በዓት በሚሏት የጸሎት ጎጆ በራፍ ላይ ተቀምጠው ከጠዋት ጀምሮ ወደ ታች እያዩ ነው አለው። ቀና ብዬ ብመለከት ከላይ፣ ከድንጋዩ አጥር ኋላ፣ አንድ ቢጫ ልብስ የለበሰ ሰው ታየኝ። አልተንቀሳቀሰም። እንዳወቀኝ አወቅሁ።

ንፋሱ ያን ጊዜ ተነሣ። መጀመሪያ ሐይቁ ዳር የበቀለው ደንገል ተንሾካሾከ፣ ከዚያ ጀልባዋ ከድንጋዩ ጋር መላተም ጀመረች። ጋሽ ሰይድ ተነሥተው ገመዱን ተመለከቱና አሁን ካልወጣን ሞገዱ መሐል ላይ ያገኘናል አሉ። መመሪያው ጣቢያው እስከ ማታ ክፍት ይሆናል ይላል። ሐይቁ ደግሞ መመሪያ አያነብም። የመነኮሳቱ ሁሉ ድምፅ ጉልበቴ ሥር ነው፤ ጀልባዋ ብትገለበጥ እኛም ድምፁም አብረን መስመጣችን ነው። ለአንድ ሰው ብዬ ይህን ሁሉ አደጋ ላይ ልጣል? ያ አንድ ሰው አባቴ ባይሆን ኖሮስ እጠብቀው ነበር? እዚያች ጀልባ ላይ የምርጫ ኃላፊ ልሁን ልጅ ልሁን ለራሴም አልለይ አለኝ።

ሁለቱን ታዛቢዎች ጠየቅኋቸው። እንሂድ ይላሉ ብዬ ነበር፤ ማሰሮውም ጃንጥላውም እንጠብቅ አሉ። አንድ መራጭ ቀርቶ ጣቢያ አይዘጋም ብለው ሽንጣቸውን ገትረው ተከራከሩልኝ። በኋላ ነው የገባኝ፤ እያንዳንዳቸው ያ የቀረው ሰው የእኔ ነው ብለው አስበው ነበር። ጋሽ ሰይድ ግን ወደ እኔ ጠጋ ብለው ቀስ ብለው ይሄ ሰው ምንሽ ነው አሉኝ። አባቴ ነው አልኋቸው። ሄደው ጀልባዋን በሁለተኛ ገመድ አሰሯት።

ኮሮጆውን ከቀዳዳው በቀር በላስቲክ ጠቅልዬ በነጠላዬ ከወገቤ ጋር አሰርሁት። ሙሉቀን ይህ መመሪያው ላይ የለም አለኝ። ዝም በል አልሁት።

ጥቂት ቆይቶ ያ ቢጫ ልብስ ተንቀሳቀሰ። በመቋሚያው እየተደገፈ ወረደ። አርጅቷል። ጢሙ ደረቱ ላይ ደርሷል፤ አረማመዱ ግን ከፋብሪካ ሲመለስ የነበረው አረማመድ ነው፣ ግራ ትከሻው ቀደም የሚል። መጥቶ ድንጋዩ ላይ ቆመ። በመካከላችን ከአንድ ክንድ የማይበልጥ ውኃ ነበር። ከመምረጡ በፊት ከሥርዓቱ ውጭ ቃል ልናገረው አይገባኝም፤ ታዛቢዎች ያዩኛል። ጥርሴን ነክሼ ስምዎን ይንገሩኝ አልሁት።

“አባ ኃይለ ጊዮርጊስ” አለ። ድምፁ ያው ነው።

ሙሉቀን ንፋሱ ጋቢውን እንዳይወስድበት ዋርካው ሥር ጀርባውን ሰጥቶ ጨምድዶ ይዞ ስለነበር ቀለሙን የማስነክረው እኔ ሆንሁ። ብልቃጡን ዘረጋሁለት።

“በየትኛው እጅ ነው?” አለኝ።

“በፈለጉት እጅ።”

ሁለቱንም እጆቹን ገልብጦ አያቸው። ከዚያ ቀኙን ዘረጋ። ጀልባዋ ዘመም ስትል ብልቃጡ ሊያመልጠኝ ሆነና ሳላስበው አንጓውን ያዝሁት። መነኩሴ ነው፣ ሴት አትነካውም። አበምኔቱ ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አዙረው ወፎች ይመለከቱ ጀመር። አውራ ጣቱን ነከርሁ፣ ለቀቅሁት፣ ወረቀቱን ሰጠሁት። ወደ ዋርካው አልሄደም፤ ቆመ።

“ከጋቢው ኋላ የሚያይ ሰው አለ?”

“የለም። ማንም አያይዎትም።”

“አንቺም?”

“እኔም።”

ሄደ። ቆየ። እዚያ ኋላ ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም፤ ለእኔ ከዘመኑ ሁሉ የረዘመ መሰለኝ። ሞገዱ እየረጨን ነው፣ ጋሽ ሰይድ ገመዱን ይዘው ቆመዋል፣ አንድም ሰው ቶሎ ይበሉ አላለም። አባቴ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም ሳያየው ወዶ ሊመርጥ ነው ብዬ አሰብሁ። ተመልሶ መጥቶ የታጠፈችውን ወረቀት ወገቤ ላይ በታሰረው ኮሮጆ ቀዳዳ ከተተ። አለቀ፤ መራጭነቱ አለቀ። ጀርባውን ሰጥቶ መሄድ ጀመረ።

“አባዬ” አልሁ።

ቆመ፤ ግን አልዞረም።

“እናቴ ስታርፍ በአፍሽ ንገሪልኝ ያለችኝ ቃል አለ። እንዲህ በይልኝ ብላለች። አያሌውን የሸኘው ያንተ እጅ ብቻ አይደለም። በዚያው ሳምንት በሴቶች ማኅበር ስብሰባ እኔም እጄን አውጥቻለሁ። ሁሉም ሲያወጣ ብቻዬን መቅረት ፈራሁ። ካንተ ግን ያንን ደብቄ ባንተ ላይ ፈረድሁ። ይቅር በለኝ ብላለች።”

ሁሉም ሰምተዋል። ማሰሮውና ጃንጥላው ሁለቱም ጫማቸውን እያዩ ነበር። አባቴ ቀስ ብሎ ዞረ። ፊቱ እርጥብ ነበር፤ የሐይቁ ውኃ ይሁን እንባ አልለየሁም፣ የእኔ ግን እንባ ነበር።

“እሷም?” አለ።

“እሷም።”

“በየዕለቱ ስሟን እየጠራሁ ይቅር በይኝ እላታለሁ” አለኝ። “ለካ እሷም ይቅር በለኝ ስትለኝ ነው የኖረችው።”

ሌላ ብዙ ነገር ልነግረው ነበረ። እንዳስተማርሁ፣ እንዳላገባሁ፣ የቤታችን በር እስካሁን በፉጨት የሚከፈት ይመስለኝ እንደነበር። ጊዜ አልነበረንም። ሙሉቀን ጋቢውን ነቅሎ ተሣፈረ። ጋሽ ሰይድ በቃ ልጄ አሉኝ፣ ገመዱን ፈቱ፣ ሞተሩ ተነሣ። አባቴ እግዚአብሔር ያስገባችሁ አለ። በስሜ ማንጠግቦሽ ብሎ ሲጠራኝ የሰማሁት ጀልባዋ ከድንጋዩ ከተለየች በኋላ ነው።

ዞሬ አየሁት። ድንጋዩ ጫፍ ላይ ቆሟል። ከዚያ ቀኝ እጁን ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ አወጣ። ያቺን እጅ። አውጣ ያለው ሰው አልነበረም፤ መድረክ ላይ ቆሞ የሚመለከት ሰው አልነበረም። ደሴቲቱ እስክትደበዝዝ ድረስ አላወረዳትም።

መንገዱ ክፉ ነበር። ማሰሮው አስመለሰው፣ ጃንጥላው ወገቡን ይዞለት ደገፈው። ከተማ ደርሰን ቆጠራው ሲጀመር እኔ ማንበቡን ለሙሉቀን ተውሁለት። ቀለም የነካት አንዲት ወረቀት ስትወጣ የአባቴ ልትሆን ትችላለች ብዬ ሁለት ጆሮዬን በእጄ ያዝሁ። ሁለቱ ታዛቢዎች ሳቁብኝ። ይሳቁ። አባቴ ማንም አያየኝም ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ እኔም አላይዎትም ብዬዋለሁ። ለማን እንደሰጠ እስከ ዛሬ አላውቅም።

አባቴን ዳግም አላየሁትም። የዚያ ዓመት ደስታም እንደ ጀመረው አልዘለቀም፤ እናንተም የነበራችሁ ታስታውሱታላችሁ፣ ያልነበራችሁ ሰምታችኋል። ያኔ የሚጮሁት ሻይ ቤቶች ዝም አሉ። በኋላም ብዙ ምርጫ መጣ፣ ሄደ፤ አንዳንዱ ሞቅ ያለ፣ አንዳንዱ ለይስሙላ። ተማሪዎቼ ቲቸር ድምፅ መስጠት ምን ዋጋ አለው ይሉኛል። አልከራከራቸውም፤ የሚሉት ነገር እውነት አለበትና። ብቻ እጅ አውጡ ስትባሉ ማን እያያችሁ እንደሆነ ተመልከቱ እላቸዋለሁ። እናንተንም የምላችሁ ይህንኑ ነው። በንፋስ የሚርገበገብ አንድ ጋቢ ለአንድ ሰው ምን ማለት እንደሆነ አይቻለሁና፣ እኔ ሰልፉ ላይ መቆሜን አልተውሁም።

ከዚያ ምርጫ በኋላ ጋሽ ሰይድ ለገዳሙ እህል ባደረሱ ቁጥር የአባቴን የደኅንነት ወሬ ያመጡልኝ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመለሱ ቤቴ መጥተው ደኅና ናቸው፣ ጠይቀውሻል አሉኝ። ጣታቸው ላይ ያለው ቀለም ገና አለቀቀም፣ እሳቸውም አልፈተጉትም አሉኝ። ከዚያ ሊወጡ ሲሉ አንድ ነገር ትዝ ብሏቸው በሩ ላይ ቆሙ።

“ድሮ ስንገናኝ ግራቸውን ነበር የሚሰጡኝ፤ ቀኛቸው የታመመ ይመስለኝ ነበር” አሉኝ። “ትናንት በቀኛቸው ጨበጡኝ። ድኗል መሰለኝ።”

“አዎ ጋሽ ሰይድ” አልኋቸው። “ድኗል።”